ቀይ አፈር በከባድ ማዕድናት የተበከለ ውሃን ለማጣራት የሚሰጠው አገልግሎት

ድርቅ ባጠቃው አካባቢም ሆነ በአዲስ የሠፈራ ጣቢያ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃ ሲወጣ፣ በመጀመሪያ የሚጠየቀው መጠኑ ይበቃል ወይ፣ ቀጥሎም ከበሽታ አምጪ ተሕዋስያን የጠራ ነው ወይ የሚል ነው። በውሃው ውስጥ የሟሙ መርዛማ ማዕድናት መኖር አለመኖራቸው ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ይህ መዘንጋት የሚያስከትለውን ጉዳት የባንግላዴሽ ሁኔታ በሚገባ ያስረዳል። በዚያ አገር ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሕዝቡን ከኩሬ ውሃና ከተቅማጥ በሽታ ለማዳን፣ በመልካም ሐሳብ፣ እጅግ ብዙ የእጅ ፓምፕ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። በ1993 (እ.ኤ.አ.) ግን የብዙዎቹ ውሃ አርሴኒክ በተባለው መርዝ የተበከለ መሆኑ ተረጋገጠ። በ2000 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት የወጣ ግምት ለአደጋው የተጋለጠውን ሕዝብ ከ35 እስከ 77 ሚሊዮን ያደርሰዋል። መርዙ የመጣው ከፋብሪካ ሳይሆን ከራሱ ከመሬቱ ደለል ነበር።

አርሴኒክ፣ እርሳስና ካድሚየም በውሃ ውስጥ ሲሟሙ ቀለምም ጣዕምም ሽታም የላቸውም። (አርሴኒክ በኬሚስትሪ አነጋገር ሙሉ ብረት ባይሆንም በጉዳቱ ከከባድ ብረቶች ጋር ይቆጠራል።) ውሃውን ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ እነዚህን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይበልጥ ይመረዛል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ከ0.01 ሚሊግራም በላይ አርሴኒክ ወይም እርሳስ፣ ከ0.003 ሚሊግራም በላይ ካድሚየም እንዳይኖር ይመክራል።

ቀይ አፈር ለዚህ ችግር መፍትሔ ሊሆን የሚችለው በቀለሙ ምክንያት ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ቅላቱ የሚመነጨው ከብረት ኦክሳይድ፣ ማለትም ከዝገት ዓይነት ነው። የዚህ ኦክሳይድ ገጽ በውሃ ውስጥ ኤሌክትሪካዊ ሙል ስለሚይዝ የሟሟውን ማዕድን ስቦ በላዩ ለጥፎ ያስቀረዋል። ሥራው እንደ ወንፊት ጉድፍን ለይቶ ማስቀረት አይደለም፤ እያንዳንዷ ቅንጣት በገጿ ላይ ያላት ቦታ እስኪሞላ ድረስ መርዙን ትይዛለች። ይሁን እንጂ አንድ አፈር ለሁሉም እኩል አይሠራም። እርሳስና ካድሚየም በደንብ የሚያዙት የውሃው አሲድነት ሲቀንስ ነው፤ አርሴኒክ ግን አሲድነቱ ትንሽ ከፍ ሲል ይሻለዋል። በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ያለው አርሴኒክ ደግሞ አየር ያላገኘ በመሆኑ ሙል አይዝም፤ ስለዚህ ማጣሪያው ውስጥ ሳይገባ ጥቂት ክሎሪን ሊጨመርበት ይገባል። ፎስፌት የበዛበት ውሃም የአርሴኒኩን ቦታ ይሻማል።

አዘገጃጀቱ ቀላል ቢመስልም ጥንቃቄ ይሻል። ሥር፣ ቅጠልና ፍግ የተቀላቀለበት የላይኛው አፈር ተነሥቶ ከሥሩ ያለው ንጹሕ ቀይ አፈር ይወሰዳል። ደርቆ ከተወቀጠና ከተነፋ በኋላ ከሰጋቱራ ወይም ከደቀቀ የጤፍ ጭድ ጋር ይለወስና በትንንሹ ይድቦለቦላል። ሲተኮስ ጭዱ ተቃጥሎ ስለሚጠፋ እንክብሉ እንደ እንጀራ ዓይናማ ይሆናል፤ ውሃውም ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ችግሩ ያለው በእሳቱ መጠን ላይ ነው። እሳቱ ካነሰ እንክብሉ በውሃ ውስጥ ይፈርሳል። እሳቱ ከበረታ ደግሞ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ተደፍነው የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ሸክላ ሠሪዋ ለጥሩ ማሰሮ የምትመርጠው ብርቱ አተኳኮስ ለዚህ ሥራ ጉዳት ነው፤ ባለሙያዋ ይህ ሳይነገራት እንዲሠራ ማዘዝ ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል። የተተኮሰው እንክብል ያለበው ውሃ እስኪጠራ ድረስ መታጠብ አለበት። አፈሩ ራሱ መርዝ የሚለቅ እንዳይሆን የታጠበበት ውሃ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል።

ማጣሪያው ከታች ጠጠር፣ ከላዩ እንክብሉ የተሞላበት፣ በሥሩ ቧንቧ ያለው በርሜል ነው። ለስሌት ያህል አንድ ግራም እንክብል ግማሽ ሚሊግራም አርሴኒክ ቢይዝ፣ 20 ኪሎው 10,000 ሚሊግራም ይይዛል። በሊትር 0.1 ሚሊግራም ያለበትን ውሃ 100,000 ሊትር ያጣራል ማለት ነው። በተግባር ግን ውሃው በፍጥነት ስለሚያልፍና መጠኑም አነስተኛ ስለሆነ የዚህን አንድ አሥረኛ ብቻ መተማመን ይበጃል። በቀን 20 ሊትር ለመጠጥና ለምግብ ለሚጠቀም ቤተሰብ ይህ 500 ቀን ይሆናል። ጊዜው ሲያልፍ ውሃው እንደ ቀድሞው ጠርቶ መውረዱን አያቆምም፤ ቤተሰቡም መመረዙን የሚያውቅበት ምልክት የለውም። ስለዚህ የተሞላበት ቀን በበርሜሉ ላይ በቀለም ይጻፋል፤ የጣቢያው ኃላፊም በመዝገብ ይይዘዋል፤ በየጊዜውም ናሙና ለምርመራ ይላካል።

አገልግሎቱን የጨረሰው እንክብል መርዙን በላዩ እንደ ተሸከመ ነው። በጓሮ አትክልት ላይ መድፋት ወይም በወንዝ ዳር መጣል ክልክል ነው። ከሲሚንቶ ጋር ተለውሶ እንዲጠጥር ከተደረገ በኋላ ከጉድጓዱ በራቀ፣ ጎርፍ በማይደርስበት ስፍራ ይቀበራል።