ድምፅዋ ያልተሰማ ወፍ

በአርባ ምንጭ አጠገብ፣ በዓባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል፣ ሕዝቡ «የእግዜር ድልድይ» ብሎ የሚጠራው ኮረብታማ ምድር አለ። ከእርሱ ማዶ የነጭ ሣር ሜዳ ተዘርግቶ ይታያል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1990 የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች በዚሁ ሜዳ፣ በመንገድ ላይ ሞታ ካገኙአት ወፍ አንዲት ክንፍ ወሰዱ። ክንፊቱ ከሚታወቁት ወፎች ጋር ብትመሳከር ከአንዳቸውም አልገጠመችም፤ ስለዚህ በ1995 በሮማይስጥ «ሶላላ» የሚል ስም ወጣላት፤ ትርጓሜውም «ብቸኛ ክንፍ» ማለት ነው።

ወገኖቿ በሌሊት የሚበሩ፣ ቀን በመሬት ላይ ተኝተው የሚውሉ ወፎች ናቸው (የሌሊት ወፍ ከምንላት ፍጥረት ጋር አንባቢ አያምታታቸው)። ላባቸው አፈርና ደረቅ ቅጠል ስለሚመስል በዓይን መለየታቸው ይከብዳል፤ የሚለዩት ይልቁንም በድምፃቸው ነው፤ አንዱ ያፏጫል፣ ሌላው ሳያቋርጥ ይንኰራኰራል። ክንፋቸው ግን ለስላሳ ነውና ሲበሩ አይሰማም። በአሜሪካ ምድር ብቻ የምትገኘው ታናሽ አበባ ቀሳሚ ወፍ የዚህ ተቃራኒ ናት፤ ክንፏን በአንድ ሴኮንድ 50 ጊዜ ያህል ስለምታርገበግብ ክንፏ ራሱ እንደ ንብ ድምፅ ይሰጣል።

እነሆ ወገኖቿ በድምፅ ሲታወቁ የነጭ ሣሯ ወፍ ድምፅ በሌለው ክንፍ ታወቀች። በ2009 ወፍ ፈላጊዎች በዚያው ሜዳ በሌሊት አየናት ብለዋል፤ ዜማዋን ግን የመዘገበ የለም። ራሷን የቻለች ዓይነት ናት ወይስ የሁለት ዓይነት ድቃል የሚል ጥያቄም ተነሥቶባታል።

ግንቦት 11 ቀን የምናስበው ቅዱስ ያሬድ፣ አባቶች እንዳስተማሩን፣ ከኤደን ገነት ከመጡለት ሦስት አዕዋፍ ጸጋን ያገኘው በድምፃቸው ነው። ዳዊት በ148ኛው መዝሙሩ፣ ሠለስቱ ደቂቅም በእቶን ውስጥ ሆነው አዕዋፍን ለምስጋና ሲጠሩ፣ ሰው የሰማቸውን ካልሰማቸው አልለዩም። ስለዚህ የእርስዋም ምስጋና በፈጣሪዋ ዘንድ የታወቀ ነው። ነገር ግን ይህን ብለን ዝም ብንል ስንፍና ይሆንብናል፤ ሜዳው በቍጥቋጦ እየተዋጠ ሄዷልና።

እነዚህ ወፎች የሚጮኹት ሲመሽና ሊነጋ ሲል፣ ይልቁንም በጨረቃ ሌሊት ነው። በዚያ ሰዓት ነቅቶ የሚገኝ ማን ነው? ለማሕሌትና ለኪዳን የሚገሠግሥ ካህን፣ እርሱን የሚከተል ዲያቆን፣ ጧፍ የያዙ እናቶች ናቸው። በሜዳው ዙሪያ ባሉ አጥቢያዎች የምትኖሩ አባቶች፣ ከመንገዱ ዳር ያልለመዳችሁትን ዜማ ብትሰሙ ጥቂት ቆም በሉ፤ ቀኑንና ስፍራውንም ጽፋችሁ ያዙ።