በልብ ወለድ ስለሚገኙ ሰዎች

ልብ ወለድ ማለት ከጸሐፊው ልብ የተወለደ ታሪክ ማለት ነው። በታሪኩ ውስጥ የሚናገሩትና የሚሠሩት ሰዎች በዚህ ዓለም በሥጋ የኖሩ አይደሉም። ነገር ግን ጸሐፊው ብልህ የሆነ እንደ ሆነ፥ አንባቢው እንደ ጎረቤቶቹ ያውቃቸዋል፤ በደስታቸው ይደሰታል፤ በኀዘናቸውም ያዝናል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ማወቅ ለማንበብም ለመጻፍም ይጠቅማል።

የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፉት በጣና ሐይቅ ዳር በዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። መጽሐፋቸው በ1900 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ታተመ፤ ስሙም «ልብ ወለድ ታሪክ» ተባለ። ዛሬ ብዙ ሰው «ጦቢያ» ብሎ ይጠራዋል። በዚህ ታሪክ አንድ የጦር አለቃ ይማረካል፤ ኋላም አንድ ደግ ነጋዴ በሰጠው ገንዘብ ነፃ ይወጣል። ልጁ ዋህድ የነጋዴውን ውለታ ለመመለስ ሲፈልገው እርሱ ራሱ በባርነት እጅ ይወድቃል። መንታ እኅቱ ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋራ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ዋህድ ውለታ የማይረሳ ልጅ መሆኑን በቃል ብቻ ብንሰማ ኖሮ ቶሎ በረሳነው ነበር፤ ከቤቱ ወጥቶ ሲንከራተት ስላየነው ግን አንረሳውም። የሰው ጠባይ የሚታወቀው በሥራው ነውና።

ሐዲስ ዓለማየሁ የጻፉት «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። በዚያ መጽሐፍ ፊታውራሪ መሸሻ የሚባሉ በዘራቸው እጅግ የሚኮሩ ባላባት አሉ። ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ሊያገባ የመጣውን ሁሉ፥ በዘር አይተካከላትም እያሉ ይመልሳሉ፤ የልጂቱም የጋብቻ ዕድሜ ያልፋል። አንባቢ በመጀመሪያ በፊታውራሪ ይቈጣል። ወደ ፊት ባነበበ ጊዜ ግን ልጃቸውን የጎዷት ጠልተዋት እንዳልሆነ ያስተውላል፤ ክብሯን የጠበቁላት መስሏቸው ነበር። በዚያው መጽሐፍ ካሳ የሚባል ሰው አለ። የቆየው ልማድ ሰውን እንደሚበድል ደፍሮ ስለሚናገር፥ ሰዎች እንደ እብድ ቈጥረው «ጉዱ ካሳ» አሉት። አንባቢ ግን ከሁሉ ይልቅ እርሱ እውነት እንደሚናገር ይረዳል። ከዚህም ሰዎች ለአንድ ሰው ያወጡለት ስምና ሰውዬው ራሱ የተለያዩ እንደሚሆኑ እንማራለን።

እነዚህን ሁለት መጻሕፍት ያነበበ አንድ ተማሪ በአቃቂ ነበረ። አቃቂ በአዲስ አበባ ደቡብ ጫፍ፥ በአቃቂ ወንዝ አጠገብ ያለች ሰፈር ናት። የቀድሞው የጅቡቲ ባቡር በእርሷ ያልፍ ነበር፤ ፋብሪካዎችም ስለ ተሠሩባት ከየአገሩ ብዙ ሰው ለሥራ መጥቶባታል። ስለዚህ ታሪክ ለመጻፍ ለሚወድ ልጅ የሚጽፍበት ሰው አይጠፋም።

ተማሪውም ስለ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ታሪክ ጻፈ። መጀመሪያውም «በወንዙ ዳር አንድ ክፉ ዘበኛ ነበረ፤ ልጆችንም ይጠላ ነበር» የሚል ነው። መምህሩ አንብበው «ክፉ መሆኑን ነገርኸኝ እንጂ አላሳየኸኝም። ምን ሲያደርግ አየኸው? ስለ ምንስ አደረገው?» ብለው ጠየቁት። ተማሪው የመጀመሪያውን ጥያቄ መለሰ፤ ዘበኛው በክረምት ልጆች ወደ ወንዙ ሲወርዱ ዱላ ይዞ እየጮኸ ያባርራቸዋል። ሁለተኛውን ግን መመለስ አልቻለም።

በማግሥቱ ወደ ሽማግሌው ሄዶ፥ እጅ ነሥቶ፥ «አባባ፥ ስለ ምን ልጆችን ያባርራሉ?» አላቸው። ሽማግሌውም እንዲህ ሲሉ መለሱለት፤ «ልጄ፥ ይህ ውሃ ከላይ ከእንጦጦ በኩል ነው የሚመጣው። እዚህ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ እዚያ ከዘነበ፥ ወንዙ ሳናስበው ይሞላል። አንድ ክረምት እኔ ሳልደርስለት የወሰደውን ልጅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ ልጅ ከውሃው ዳር ባየሁ ጊዜ ልቤ ይደነግጣል፤ ስደነግጥም እጮኻለሁ።»

ተማሪው ወደ ቤቱ ተመልሶ ታሪኩን እንደ ገና ጻፈ። «ክፉ» የሚለውንም ቃል ፋቀው። ዱላውንና ጩኸቱን ግን አልተወም፤ እውነት ነበሩና። ቀጥሎም የወንዙን ሙላት፥ የጠፋውንም ልጅ ጻፈ። መምህሩ አንብበው ዝም አሉ፤ ከዚያም «አሁን እኒህን ሰው አወቅኋቸው» አሉት።

ከዚህ በኋላ ተማሪው በደብተሩ ላይ ይህን ጻፈ፤ «አንደኛ፥ ሰውን በሥራው አሳይ እንጂ ስም አትስጠው። ሁለተኛ፥ ሥራውን ከጻፍህ በኋላ ምክንያቱን ፈልግ። ሦስተኛ፥ ምክንያቱን ስላገኘህ ጥፋቱን አትደብቅ፤ ጥፋቱንም ስላየህ ደግነቱን አታስቀር።»

ልጆች ሆይ፥ ይህ ትምህርት ለመጽሐፍ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ስለ ባልንጀራችን «ሰነፍ ነው»፥ «ኩሩ ነው»፥ «ሌባ ነው» ማለት አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ በዚያች ቃል ግን የሰው ስም ይጠፋል። የጠፋ ስም ደግሞ እንደ ተሳሳተ ጽሕፈት ተፍቆ አይመለስም። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ስለዚህ ነው። መልካም ጸሐፊ ሰውን ከመጻፉ በፊት ይመረምራል፤ መልካም ሰውም በባልንጀራው ላይ ከመፍረዱ በፊት ይጠይቃል።

ጥያቄ።
፩ኛ፥ ዋህድ ውለታ የማይረሳ ልጅ መሆኑን በምን እናውቃለን?
፪ኛ፥ ሽማግሌው ዘበኛ የሚጮኹት ስለ ምን ነው?
፫ኛ፥ ተማሪው «ክፉ» የሚለውን ቃል ፍቆ ዱላውን ስለ ምን አልፋቀም?
፬ኛ፥ በሰፈራችሁ ያለ አንድ ሰው ያደረገውን ሥራ፥ ስም ሳትሰጡት፥ በአምስት መስመር ጻፉ።