ኃይልን ስለሚያከፋፍል ሳጥን፤ በጭቃና በዳገት በሚሄድ ካሚዮን ላይ ማርሽ ስለ መለወጥና ሳጥኑን ስለ ማሻሻል

በበሬ የሚያርስ ሰው የቀንበሩንና የሞፈሩን ሥራ ለይቶ ያውቃል፤ አንዱ ቢላላ ወይም ቢሰበር ምን እንደሚከተል ማንም ሳይነግረው ያስተውላል። መኪና የሚነዳ ሰው ግን ብዙ ጊዜ በእጁ የሚገፋውን እጀታ እንጂ ከወለሉ ሥር የሚዞረውን ብረት አያውቅም። በደረቅና በተስተካከለ መንገድ ይህ አለማወቅ እምብዛም አይጎዳው ይሆናል። በዋልካ ጭቃና በገደላማ ቁልቁለት ላይ ግን ያለ ጊዜው የተነካ አንድ እጀታ ጭነቱንም ሰውንም ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ መምህራን ለተማሪዎች ያስረዱት ዘንድ፥ ሽማግሌዎችም ለነጂና ለተሳፋሪ ምክር በሚሰጡበት ጊዜ ያስታውሱት ዘንድ፥ የዚህ ትምህርት ነገር ስለ አንድ ሳጥን ሆኖአል። ሳጥኑ በመካኒኮች ዘንድ ትራንስፈር ይባላል፤ ሥራው ኃይልን ማከፋፈል ስለ ሆነ በዚህ ጽሑፍ ማከፋፈያ ሳጥን ተብሎ ይጠራል።

፩፤ ለምሳሌ ስለ ተመረጠው ካሚዮን

ለምሳሌ የተመረጠው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተሠራው ጂፕ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940 የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መንገድ በሌለበት የሚሄድ ቀላል መኪና እንዲሠራለት ፋብሪካዎችን ጠየቀ። በዚያው ዓመት አሜሪካን ባንታም የተባለው ፋብሪካ በፔንሲልቫንያ የመጀመሪያውን የሙከራ መኪና ሠርቶ አቀረበ። ከዚያም በኋላ ዊሊስ ኦቨርላንድ በኦሃዮ ግዛት በቶሊዶ ከተማ፥ ፎርድም በየፋብሪካዎቹ፥ እስከ 1945 ድረስ በጠቅላላው ከ600,000 በላይ ጂፖች ሠሩ። ጂፕ ትንሽ ቢሆንም የጦር ሠራዊቱ በመዝገቡ የጻፈው የሩብ ቶን ካሚዮን ብሎ ነው። አራቱም መንኰራኵሮቹ ከሞተሩ ኃይል ሊቀበሉ ይችላሉ፤ ይህንንም ያስቻለው ስፓይሰር የተባለው ፋብሪካ የሠራው ሞዴል 18 የሚባል ማከፋፈያ ሳጥን ነው። አሠራሩ ግልጽ ስለ ሆነ እርሱን ያወቀ ሰው የሌሎቹን ካሚዮኖች ሳጥን ለማወቅ አይቸገርም።

፪፤ ስለ ሳጥኑ ሥራ

ከሞተሩ የሚወጣው ኃይል አስቀድሞ በፍሪሲዮን በኩል ወደ ካምቢዮ ይገባል፤ ካምቢዮ የሚባለውም ነጂው ዘወትር ማርሽ የሚለዋውጥበት ነው። ማከፋፈያ ሳጥኑ ከካምቢዮው በስተኋላ ተያይዞ ይገኛል። ከእርሱም ሁለት ረጃጅም ዘንጎች ይወጣሉ፤ አንዱ ወደ ፊተኞቹ፥ አንዱ ወደ ኋለኞቹ መንኰራኵሮች ኃይል ያደርሳል።

ሳጥኑ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው፥ ኃይሉን ለኋለኞቹ መንኰራኵሮች ብቻ ወይም ለፊተኞቹም ጭምር መስጠት ነው። ሁለተኛው፥ ቀላል ማርሽና ከባድ ማርሽ የሚባሉ ሁለት ደረጃዎችን መስጠት ነው። በቀላሉ ማርሽ ኃይሉ እንደ መጣ ያልፋል፤ በከባዱ ማርሽ ፍጥነቱ ይቀንስና ብርታቱ ይጨምራል።

በጂፕ ውስጥ በነጂው አጠገብ ሦስት እጀታዎች አሉ። ረጅሙ የካምቢዮው ነው። ሁለቱ አጫጭሮች የማከፋፈያ ሳጥኑ ናቸው፤ አንዱ ፊተኞቹን መንኰራኵሮች ያስገባል፥ ያወጣልም፤ ሁለተኛው ቀላሉን ማርሽ፥ ባዶውን ማርሽና ከባዱን ማርሽ ይመርጣል።

፫፤ ስለ ስሌቱ

ትልቅ ድንጋይ በእንጨት የሚፈነቅል ሰው እጁን ብዙ ያወርዳል፥ ድንጋዩ ግን ጥቂት ብቻ ይነሣል፤ በመንገድ ርዝመት የከፈለውን በብርታት ያገኛል። ጥርስ ያላቸው መንኰራኵሮችም እንዲሁ ናቸው። ትንሹ ትልቁን ሲያዞር፥ የትልቁ ጥርስ የትንሹን ጥርስ ሁለት እጥፍ ቢሆን፥ ትንሹ ሁለት ጊዜ ሲዞር ትልቁ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ የመዞሩም ብርታት በመተሻሸት ከሚጠፋው ጥቂት በቀር ሁለት እጥፍ ይሆናል።

በጂፕ አንደኛው የካምቢዮ ማርሽ 2.665 ነው፤ በዲፈረንሻሉ ያለው 4.88 ነው፤ የማከፋፈያ ሳጥኑ ከባድ ማርሽ 1.97 ነው። በቀላል ማርሽ 2.665 በ4.88 ሲባዛ 13 ይሆናል፤ ይኸውም ሞተሩ 13 ጊዜ ሲዞር መንኰራኵሩ አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በከባድ ማርሽ ይህ 13 እንደገና በ1.97 ይባዛና 25.6 ይሆናል። ስለዚህ ሞተሩ በደቂቃ 1,000 ጊዜ ቢዞር መንኰራኵሩ 39 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ መኪናውም በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ማለት በእግረኛ እርምጃ ይሄዳል። ኃይለኛ ሞተር ሳይጨመርበት ትንሹ ካሚዮን ዳገት የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

፬፤ ፊተኞቹን መንኰራኵሮች ስለ ማስገባት

በአውድማ ላይ በሬዎች ሲያበራዩ ከመካከል ያለው በሬ ጥቂት ሲራመድ በዳር ያለው ብዙ ይራመዳል። መኪናም ሲጠመዘዝ በውጭ በኩል ያለው መንኰራኵር በውስጥ ካለው ይልቅ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ዲፈረንሻል የተሠራው የግራውና የቀኙ መንኰራኵር በልዩ ልዩ ፍጥነት እንዲዞሩ ነው።

ነገር ግን ፊተኞቹም ከኋለኞቹ ይልቅ ሰፊ ክብ እየሠሩ ይዞራሉ። በጂፕ በፊትና በኋላ መካከል ይህን ልዩነት የሚያስታርቅ ዲፈረንሻል የለም፤ ፊተኞቹ ከገቡ ሁለቱ ዘንጎች እንደ አንድ ብረት አብረው ይዞራሉ። በጭቃና በአሸዋ ላይ ጎማው ጥቂት እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያቀልለዋል። በደረቅና በጠንካራ መንገድ ግን ጎማው አይንሸራተትምና ዘንጎቹ ይጠማዘዛሉ፤ መሪው ይከብዳል፥ ጎማው ይበላል፥ እጀታውም ተይዞ አልወጣም ይላል። በዚህ ጊዜ እጀታውን በኃይል መታገል አይገባም፤ መኪናውን ቀጥ አድርጎ ጥቂት ወደ ኋላ ቢመልሱት ጥምዘዛው ይፈታል፥ እጀታውም ይለቃል። የፊትና የኋላ ጎማ መጠናቸው ወይም ነፋሳቸው ቢለያይ ይኸው ችግር በቀጥታ መንገድም ሳይቀር ይደርሳል።

፭፤ ከባዱን ማርሽ ስለ ማስገባትና ስለ ቁልቁለት

ሥርዓቱ ይህ ነው። ነጂው ከጭቃው ወይም ከዳገቱ ሳይደርስ ደልዳላ ስፍራ ላይ ይቆማል። አስቀድሞ ፊተኞቹን መንኰራኵሮች ያስገባል። ከዚያ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ከባዱን ማርሽ ያስገባል። ጥርሶቹ አልገጥምም ቢሉ አያስገድዳቸውም፤ ካምቢዮውን ባዶ አድርጎ ፍሪሲዮኑን ይለቅና እንደገና ረግጦ ይሞክራል። በመጨረሻ የካምቢዮውን ማርሽ መርጦ ፍሪሲዮኑን በቀስታ ይለቃል። ከጭቃው ሲወጣ ሥርዓቱ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ ከከባድ ወደ ቀላል ማርሽ ይመለሳል፥ ቀጥሎ ፊተኞቹን ያወጣል።

ቁልቁለት ሲወርዱ ሞተሩ መኪናውን የሚይዘው ማርሽ በገባ ጊዜ ብቻ ነው። እጀታው ከቀላል ወደ ከባድ ሲሄድ በመካከል በባዶው ማርሽ ያልፋል። በዚያች ጊዜ ካምቢዮው በአንደኛ ማርሽ ላይ ቢሆን እንኳ ሞተሩና መንኰራኵሮቹ ተለያይተዋል፤ መኪናው በፍሬን ብቻ ተይዞአል። መኪናው ፍጥነት አግኝቶ እንደ ሆነ ጥርሶቹ አይገጥሙም፤ ነጂው ከባዱን ፈልጎ ቀላሉንም ያጣል። ስለዚህ ማርሽ የሚመረጠው ከቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቆሞ እንጂ እየወረዱ አይደለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በቁልቁለት ላይ የፈሰሰ ግን የሚለቀም አይደለም።

፮፤ ስለ መከልከያውና ሳጥኑን ስለ ማሻሻል

በጂፕ ሳጥን ውስጥ ሁለቱን እጀታዎች በሚታዘዙት ዘንጎች መካከል አንድ ትንሽ ብረት አለ። ሥራው መከልከል ነው፤ ፊተኞቹ መንኰራኵሮች ካልገቡ ከባዱ ማርሽ እንዳይገባ፥ ከባዱ ማርሽም ገብቶ ሳለ ፊተኞቹ እንዳይወጡ ያደርጋል።

አንዳንድ የመኪና ባለቤቶች ሳጥኑን ፈትተው ይህን ብረት ያወጡታል። የሚያገኙት ጥቅም አለ፤ ከባዱን ማርሽ በኋለኞቹ ብቻ መጠቀም ይችላሉና በጠንካራ መሬት ላይ በእርጋታ ሲሄዱና ሲጠማዘዙ ዘንጎቹ አይጠማዘዙም። የሚከፍሉት ዋጋ ግን ከዚህ ይበልጣል። ከላይ በስሌቱ እንደ ታየው ከባዱ ማርሽ ብርታቱን ወደ ሁለት እጥፍ ያደርሰዋል፤ አራቱ መንኰራኵሮች ሊካፈሉት የነበረውን ሸክም የኋላው ብቻውን ይሸከማል። ጭነት በበዛበት ዳገት ላይ ነጂው ነዳጅ በድንገት ቢሰጥ የኋላው ዘንግ ወይም የዲፈረንሻሉ ጥርስ ሊሰበር ይችላል። ሠሪዎቹ ብረቱን ያኖሩት ነጂውን ለማስቸገር ሳይሆን የኋላውን ዘንግ ለማዳን ነው።

በሌላ ሳጥን ደግሞ አደጋው ይብሳል። ኒው ፕሮሰስ 205 የተባለው ሳጥን በብዙ የአሜሪካ ካሚዮኖች ላይ በአንድ እጀታ ይታዘዝ ነበር፤ ባለቤቶቹ እርሱን በሁለት እጀታዎች ይተኩታል። በዚህ ሳጥን ፊተኛውና ኋለኛው ዘንግ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቀላልና ከባድ ማርሽ አላቸው። መከልከያዎቹ ሁሉ ከወጡ ፊተኛው በከባድ፥ ኋለኛው በቀላል ማርሽ በአንድ ጊዜ ሊገቡ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ሁለቱ ዘንጎች እርስ በርሳቸው ይጣሉና ሳጥኑ ይሰበራል። ስለዚህ አስተዋይ መካኒክ መከልከያውን በሙሉ አያወጣም፤ የማይፈራውን ፈቅዶ የሚያጠፋውን ይከለክላል።

ሦስተኛ የማሻሻያ መንገድ በሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ጥርሶች መለወጥ ነው። ለምሳሌ ከባዱ ማርሽ ከ1.97 ወደ 3 ቢለወጥ ስሌቱ ከ25.6 ወደ 39 ይወጣል። መኪናው በድንጋይ መካከል ቀስ ብሎ ይሄዳል፥ በቁልቁለትም በሞተሩ አብልጦ ይያዛል። ከሳጥኑ በኋላ ያሉት ዘንጎች ግን እንደ ቀድሞው ናቸውና የተጨመረውን ብርታት መቻላቸው አስቀድሞ መመርመር አለበት።

፯፤ ስለ እጅ ፍሬን

የጂፕ የእጅ ፍሬን በመንኰራኵሮቹ ላይ አይደለም፤ ከማከፋፈያ ሳጥኑ በስተኋላ ያለውን ከበሮ ይይዛል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፥ የኋላው ረጅም ዘንግ ለጥገና ከተፈታ፥ ፊተኞቹ ካልገቡ በቀር፥ የእጅ ፍሬኑ አንድም መንኰራኵር አይዝም። ሁለተኛ፥ ከኋለኞቹ አንዱ መንኰራኵር በክሪክ ሲነሣ፥ የተነሣው በዲፈረንሻሉ ምክንያት ወደ ሌላ አቅጣጫ ሊዞር ስለሚችል መሬት ላይ ያለው ሊንከባለል ይችላል፤ የእጅ ፍሬኑም አያግደውም። ስለዚህ ማንም ከመኪናው ሥር ሳይገባ በመንኰራኵሮቹ ፊትና ኋላ ታኮ ይደረጋል፤ ታኮ ከሌለ ጠንካራ ድንጋይ ይበቃል።

ዛሬ በብዙ አዳዲስ መኪናዎች እጀታው በኤሌክትሪክ ማዞሪያ ተተክቶአል፤ በአንዳንዶቹም በፊትና በኋላ መካከል ዲፈረንሻል ገብቶአል። ነጂው እነዚህን ሲነዳ የመኪናውን የራሱን መመሪያ ሊከተል ይገባዋል። ከቁልቁለት በፊት መምረጥና የሚያወጡትን ብረት ሥራ አስቀድሞ ማወቅ ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። ሽማግሌዎችም ነጂው በአፋፉ ላይ ቆሞ ማርሽ ሲመርጥ ዘገየ ብለው እንዳያጣድፉት፥ መንገዱ የሚያሰጋ ሲሆንም ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ እንዲያልፍ ቢመክሩ የብዙ ሰው ነፍስ ይጠብቃሉ።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ

1፤ የጂፕ ሁለተኛ የካምቢዮ ማርሽ 1.564 ነው። በከባድ ማርሽ ሞተሩ ስንት ጊዜ ሲዞር መንኰራኵሩ አንድ ጊዜ ይዞራል? (መልሱ 15 ያህል ነው።)

2፤ ፊተኞቹ መንኰራኵሮች ገብተው ሳሉ በደረቅ መንገድ መጠማዘዝ ለምን ይጎዳል? በአውድማው ምሳሌ ይብራራ።

3፤ ማከፋፈያ ሳጥኑ በባዶ ማርሽ ላይ ሳለ ካምቢዮውን አንደኛ ማርሽ ማስገባት የቆመን መኪና ለምን አይዝም?

4፤ መከልከያውን ብረት የሚያወጣ ሰው የትኛውን ጥበቃ በራሱ ላይ ይወስዳል?