ፊውዥን፦ አማራጭ መንገዶቹ ለምን ዘገዩ?

በምሥራቅ አዲስ አበባ ከአያት ተነሥቶ በሲኤምሲ፣ በጉርድ ሾላና በመገናኛ በኩል ወደ ጦር ኃይሎች የሚጓዘው የከተማ ባቡር ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ባቡሩ የሚንቀሳቀሰው በኤሌክትሪክ ሲሆን፣ የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው የሚመነጨው ከውኃ ግድቦች ነው። ግድቦቹን የሚሞላው ዝናብ ደግሞ በፀሐይ ሙቀት የተነነ ውኃ ነው። ፀሐይ ሙቀቷን የምታገኘው የሃይድሮጅን ኒውክለሶች ተዋህደው ሂሊየም ሲሆኑ ከሚለቀቀው ኃይል ነው። ይህ ሂደት የኒውክሌር ውህደት ወይም ፊውዥን ይባላል። እንግዲህ ከአያት ተሳፍሮ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚሄድ ተማሪ ሳያውቀው በፊውዥን ኃይል ይጓዛል ማለት ይቻላል። ታዲያ የሰው ልጅ ይህን ኃይል በቀጥታ በምድር ላይ ማመንጨት ለምን አቃተው?

ቴክኒካዊ እንቅፋቶች

ኒውክለሶች ሁሉ ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላላቸው እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ። ይህን ግፊት አሸንፈው እንዲዋሃዱ እጅግ ፈጥነው መጋጨት፣ ማለትም እጅግ መሞቅ አለባቸው። የፀሐይ እምብርት ሙቀት 15 ሚሊዮን ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው፤ የፀሐይን ክብደት በማናገኝበት በምድር ላይ ግን ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ያስፈልጋል። በዚህ ሙቀት ቁስ አካል ፕላዝማ ስለሚሆን ግድግዳ ሊነካ አይገባም። እንግሊዛዊው ጆን ሎውሰን እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ትርፍ ለማግኘት ሙቀቱ፣ እፍጋቱና ፕላዝማው ኃይሉን ይዞ የሚቆይበት ጊዜ በአንድነት መሟላት አለባቸው።

ዋነኛው መንገድ ፕላዝማውን በቀለበት ቅርጽ በማግኔት የሚይዘው ቶካማክ ነው። በፈረንሳይ የሚገነባው ኢተር የተባለው ዓለም አቀፍ ማብላያም ቶካማክ ነው። ከአማራጮቹ አንዱ ፋይሎ ፋርንስዎርዝ የፈለሰፈው ፊውዞር ሲሆን፣ መሣሪያው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ያህል ትንሽ ሊሆን ይችላል። በውስጡ እውነተኛ ፊውዥን ይካሄዳል፤ ሆኖም አብዛኞቹ አዮኖች ሳይዋሃዱ ስለሚበታተኑ የሚበላው ኃይል ከሚሰጠው እጅግ ይበልጣል። ፕሮቶንን ከቦሮን ጋር ማዋሃድም ኒውትሮን እምብዛም አያመነጭም፤ ነገር ግን ብዙ እጥፍ ሙቀት ይጠይቃል፤ ከሙቀቱም ከፍተኛው ክፍል በኤክስሬይ መልክ ይባክናል።

ስለዚህ ፊውዥን ማካሄድና ከፊውዥን ማትረፍ የተለያዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 5 ቀን 2022 በአሜሪካ የሎውረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ 2.05 ሜጋ ጁል የሌዘር ኃይል 3.15 ሜጋ ጁል አስገኘ። ሲካፈል 1.5 ያህል ነው። ሌዘሮቹ ከኤሌክትሪክ መስመር የወሰዱት ኃይል ግን 300 ሜጋ ጁል ያህል ነበር፤ በዚህ ሲካፈል ውጤቱ 0.01 ብቻ ይሆናል።

ማኅበራዊ እንቅፋቶች

ሁለተኛው እንቅፋት አመኔታና ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የብሪታንያ ሳይንቲስቶች ዜታ በተባለው መሣሪያ ፊውዥን እንዳገኙ ካስታወቁ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ስሕተታቸውን አመኑ። በ1968 ሶቪየቶች የቶካማክን ውጤት ሲያቀርቡም ምዕራባውያን ተጠራጠሩ። በ1969 ግን የብሪታንያ ቡድን የራሱን የሌዘር መለኪያ ይዞ ሞስኮ ድረስ በመሄድ ውጤቱን አረጋገጠ። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን እንኳ ጥርጣሬን የፈታው የተቀናቃኝ ልኬት ነበር።

ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ በጀቱ ወደ ቶካማክ በማድላቱ አማራጮቹ ተጎዱ። በዚያው በሊቨርሞር በ372 ሚሊዮን ዶላር የተሠራው የማግኔት መስተዋት ማብላያ በ1986 ግንባታው ሲያልቅ በጀቱ ተቋረጠ፤ አንድም ሙከራ ሳይካሄድበት ተዘጋ። በ1989 ደግሞ ፍላይሽማንና ፖንስ የተባሉ ኬሚስቶች «ቀዝቃዛ ፊውዥን» አገኘን ብለው በጋዜጣዊ መግለጫ አወጁ፤ ሌሎች ሊደግሙት አልቻሉም። በዚህም ምክንያት አዲስ አሳብ ይዞ የሚመጣ ተመራማሪ ሁሉ በጥርጣሬ መታየት ጀመረ።

ከዚህ ምን እንማራለን? አዲስን መንገድ ሳይሞክሩ መዝጋትም፣ ሳይለኩ ማወጅም ሳይንስን ይጎዳሉ። አንባቢ ሆይ፣ ስለ ፊውዥን አዲስ ዜና ሲሰሙ ሦስት ጥያቄ ያንሡ፦ የገባው ኃይል የተለካው የት ላይ ነው? ውጤቱ ለምን ያህል ጊዜ ቆየ? ሌላ ማን ደገመው? እነዚህን ለመጠየቅ ውድ ማብላያ አያስፈልግም፤ በቦሌም ሆነ በአያት ያለ ተማሪ በደብተሩና በእርሳሱ ሊጀምር ይችላል።