ሰነድ ለማስመዝገብ ስትሄዱ

ዛሬ የምንማረው ቃል «ውክልና» ነው። ውክልና ማለት ለሌላ ሰው «በእኔ ፈንታ ሁነህ ሥራልኝ» ብሎ ሥልጣን መስጠት ነው። ሰጪው ወካይ፣ ተቀባዩ ተወካይ ይባላሉ። ቃሉ አጭር ነው፤ ግን ቤት ያሳጣል።

እንዴት አትሉም? እንበልና ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ በእንጦጦ ዳገት የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ጉልበታቸው ደክሟል። ግብር የሚከፍልላቸው፣ ኪራይ የሚሰበስብላቸው ሰው ፈለጉ። የእህታቸው ልጅ «እኔ አለሁልዎት እትዬ» ብሎ ወረቀት አስጽፎ መጣ። ወረቀቱ «ግብር እንዲከፍል፣ ኪራይ እንዲሰበስብ» ይልና ዝቅ ብሎ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ» ይላል። ሁለት ቃል ተጨመረ፤ ቤቱም አብሮ ሄደ ማለት ነው።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነገሩን ለይቶታል። በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው (ቁጥር 2204)። ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል (ቁጥር 2205)። እንግዲህ «እንዲሸጥ» የሚለውን ካልፈለጋችሁት አስወጡት። ጸሐፊው «ፎርሙ እኮ እንዲህ ነው» ቢላችሁ ሌላ ይጻፍ በሉት።

ቀጠሮው ሳይደርስ ወረቀቱን ቤታችሁ ወስዳችሁ አስነብቡ። ስድስተኛ ክፍል የደረሰች ልጅ ትበቃለች። ተወካዩ ራሱ ግን አያንብብላችሁ። ቀስ ተብሎ፣ ሁለት ጊዜ ይነበብ።

ስማችሁንም አስተያዩ። በመታወቂያው «ወርቄ»፣ በካርታው «ወርቅነሽ» ከሆነ ሰልፍ ጠብቃችሁ በባዶ እጅ መመለስ አለ። አስቀድሞ ወረዳ ሄዶ ማስተካከል ነው። የመታወቂያው ጊዜ እንዳላለፈም እዩ። ቤት ለመሸጥ ከሆነ ዋናው ካርታና የጋብቻ ወይም ያለማግባት ማስረጃ ይያዝ። የባልና ሚስት የጋራ ቤት ሁለቱም ካልተስማሙ አይሸጥም፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 68 ይከለክላል።

ቤት ውስጥ አትፈርሙ። ፊርማ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ሹም ፊት ነው። አዋጅ ቁጥር 922/2008 ሹሙ ማንነታችሁንና መብታችሁን እንዲያጣራ ያዛል። «ገብቶዎታል?» ሲላችሁ ካልገባችሁ አልገባኝም በሉ። ከኋላ ያለው ሰልፈኛ ቢያጉረመርም ያጉረምርም!

ጣትስ? መጻፍ የማይችል ሰው የጣት ምልክት በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም (ቁጥር 1728)። ሕጉ ማንበብ ለማይችል ሰው አጥር አጥሮለታል። ስሙን መጻፍ ብቻ የለመደ ሰው ግን፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ከሁሉ የባሰ አደጋ ላይ ነው። ፊርማው ያምራል፤ ሁሉም «አንብቦ ፈረመ» ይለዋል። ስም መጻፍና ማንበብ አንድ አይደሉም።

በየካ ጫፍ ላላችሁ ገበሬዎች አንድ ነገር ልጨምር። «የመንደር ውል» እያሉ የእርሻ መሬት የሚገዙ ይመጣሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ምስክር ቢደረደርም አይጠቅምም።

ውክልና ሰጥታችሁ ሐሳባችሁ ቢለወጥ መሻር ትችላላችሁ (ቁጥር 2226)። መሻሪያውም እንደ ውክልናው ይመዘገባል። ለተወካዩ አሳውቁት፤ ዋናውንም ወረቀት ከእጁ ተቀበሉት።