ከአፕዴት በኋላ ድምፅ ሲጠፋ፦ ድራይቨርን ወደ ኋላ መመለስ

ባለፈው ቅዳሜ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቼ አሌክሳንድሪያ አንድ ጋሼ የምላቸው ሰው ቤት ሄድኩ። እናታቸው ከደሴ የላኩላቸው የካሴት ደብዳቤ አላቸው። ስልክ ውድ በነበረበት ዘመን ብዙ ሰው ሰላምታውን በካሴት ቀርጾ ለዘመዱ ይልክ ነበር። እናታቸው ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ድምፃቸው የቀረው እዚያች ካሴት ላይ ብቻ ነው። የእኔ ሥራ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነበር።

ቴፑን ከኮምፒውተሩ ሰማያዊ ቀዳዳ፣ ማለትም ከላይን ኢን ጋር አገናኝቼ መቅረጽ ጀመርኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፋይሉን ስከፍተው ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ አገኘሁት። ዝምታ ቀርጿል። የስህተት መልእክት ግን አልመጣም።

«ባለፈው ሳምንት እኮ ሠርቶ ነበር» አልኳቸው።

«ትናንት ማታ ራሱ ጠፍቶ ራሱ ሲበራ ነበር» አሉኝ። አፕዴት ማለት ነው። ቀጥለውም «ይቺ ካሴት ስንት ጊዜ ትችላለች?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ጥያቄያቸው ልክ ነው። ያረጀ ካሴት በተጫወተ ቁጥር ይጎዳል። ስለዚህ ካሴቱን አውጥቼ በስልኬ ሙዚቃ መሞከር ጀመርኩ። እናንተም በዊንዶውስ 10 ወይም 11 ተመሳሳይ ችግር ቢገጥማችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1. ገመዱን ፈትሹ። በዚያው ገመድ ስልኬን ከስፒከር ጋር አገናኘሁ፤ ሙዚቃው ተሰማ። ገመዱ ደህና ነው።

2. ፈቃዱን እዩ። ሴቲንግስ ውስጥ፣ ፕራይቬሲ ሥር፣ የማይክሮፎን ፈቃድ አለ። ይህ ከተዘጋ መቅረጫው ዝምታ ሊቀርጽ ይችላል። የእኛ ክፍት ነበር።

3. የመቅረጫ መግቢያዎችን ዝርዝር ክፈቱ። የተዘጉትም እንዲታዩ ሾው ዲስኤብልድ ዲቫይስስ የሚለውን ምረጡ። ላይን ኢን ተዘግቶ ቢገኝ መክፈት በቂ ነበር። እኛ ጋ ግን ጭራሽ አልነበረም።

ፍንጩ ይህ ነው። ቀዳዳው በዓይን ይታያል፤ ኮምፒውተሩ ግን አያውቀውም። ድራይቨር ማለት በኮምፒውተሩና በድምፅ ካርዱ መካከል ያለ አስተርጓሚ ነው። የትኛው ቀዳዳ ለምን እንደሚያገለግል የሚነግረው እሱ ነው።

4. ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈቱ። የካርዱ ስም ተቀይሮ ሃይ ዴፊኒሽን ኦዲዮ ዲቫይስ የሚል የወል ስም ተጽፏል። አፕዴቱ የካርዱን የራሱን ድራይቨር በወል ድራይቨር ተክቶታል። የወል ድራይቨር ስፒከር ሊያሠራ ይችላል፤ የእያንዳንዱን ካርድ ዝርዝር ግን ላያውቅ ይችላል።

5. ወደ ኋላ መልሱ። በካርዱ ስም ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ድራይቨር፣ ከዚያ ሮል ባክ ድራይቨር። ቁልፉ ደብዝዞ ከሆነ የቀድሞው ድራይቨር አልተቀመጠም ማለት ነው፤ ያኔ ከኮምፒውተሩ አምራች ድረ ገጽ ለሞዴላችሁ የተሠራውን አውርዳችሁ ጫኑ። ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ።

ላይን ኢን ተመለሰ። በስልኬ አሥር ሰከንድ ቀርጬ መልሼ ሰማሁት። ይህን ሙከራ መጀመሪያ ባደርገው ኖሮ ካሴቷን በከንቱ አላጫውታትም ነበር። የማይተካ ነገር ከመቅረጻችሁ በፊት ሁልጊዜ አሥር ሰከንድ ሞክሩ።

ከዚያ ካሴቷን መለስኳት። የእናትየው ድምፅ እንደጀመረ ጋሼ «በቃ አጥፋው፤ በኋላ ብቻዬን እሰማዋለሁ» አሉኝ። ስፒከሩን ብቻ ዘጋሁት። ቀረጻው ግን ቀጠለ፤ መስመሩም ከፍ ዝቅ ይል ነበር።