የእናትሽን የሙዝ ማሣ አታስይዢ

«ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ። የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት አርባ ምንጭ ነው። በሆቴል ሙያ ዲፕሎማ አለኝ፤ አሁን ሴቻ ባለ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆኜ እሠራለሁ። ሕልሜ ሁለት ዓመት ያህል ውጭ አገር ሠርቼ፣ ዓለምንም አይቼ ተመልሼ ዶርዜ ላይ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ መክፈት ነው።

በዚህ ጉዳይ ቤታችን ለሁለት ተከፍሏል። እናቴ ‹ከሄድሽም በኤጀንሲ፣ በሕጋዊ መንገድ ሂጂ› ትላለች። ወንድሜ ደግሞ ‹ኤጀንሲ የሚልክሽ ለቤት ሠራተኝነት ነው፤ ብቻሽን ሂጂ› ይለኛል። ቴሌግራም ላይ ያገኘው ሰው በ250,000 ብር ዱባይ በቪዚት አስገብቶ ሥራ እንደሚያስይዘኝ ነግሮታል። ትንሽ ከጨመርን ደግሞ የአውስትራሊያ ‹የሥራና የሽርሽር ቪዛ› እንዳለ፣ አንድ ዓመት እየሠሩ መዝናናት እንደሚቻል ገልጾለታል። ገንዘቡን ለማግኘት እናቴ ላንቴ ያለውን የሙዝ ማሣችንን በኮንትራት መስጠት ይኖርባታል። ሰውዬው ‹እስከ ወሩ መጨረሻ ካልከፈላችሁ ዕድሉ ያመልጣችኋል› ብሏል። ምን ይመክሩኛል?
ቢ. ነኝ፣ ከሲቀላ»

ውድ ቢ.፣

ሕልምሽ መልካም ነው። ሠርቶ፣ አገር አይቶ፣ ተመልሶ በትውልድ ቀዬ ሥራ መክፈት የሚያስመሰግን ዕቅድ ነው፤ «አርፈሽ ተቀመጪ» ልልሽ አልፈልግም። ነገር ግን ከአስቸኳዩ ልጀምር፦ ለዚያ ሰው አንድ ብር እንኳ አትክፈሉ፤ የላንቴው ማሣም አይነካ። ምክንያቴን አንድ በአንድ ላስረዳሽ።

የአውስትራሊያውን ላስቀድም። የሥራና የሽርሽር ቪዛ የሚባለው በእርግጥ አለ። አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ ካናዳና እንግሊዝ የሌላ አገር ወጣቶች ለተወሰነ ጊዜ እየሠሩ አገሩን እንዲያዩ ይፈቅዳሉ። ፈቃዱን የሚያገኙት ግን በየአገሮቹ ዝርዝር ውስጥ የተካተቱ አገሮች ዜጎች ብቻ ናቸው፤ ኢትዮጵያ በአንዳቸውም ዝርዝር ውስጥ የለችም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘች ልጅ ይህን ቪዛ አወጣልሻለሁ የሚል ሰው እየዋሸ ነው። የሚፈቀድላቸው ወጣቶች እንኳ ማመልከቻውን በመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ ራሳቸው ይሞሉታል እንጂ በቴሌግራም አይገዙትም።

ወደ ዱባዩ እንምጣ። ቪዚት የመጎብኛ ፈቃድ ነው፤ በእሱ መሥራት በኤምሬቶች ሕግ የተከለከለ ነው። ቀኑ ካለፈ በየቀኑ የሚደመር ቅጣት አለ። ደመወዝሽን የከለከለሽን ሰው ለመክሰስ ብትነሺ መጀመሪያ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ፦ «የሥራ ፈቃድሽ የታለ?» ያለ ፈቃድ መኖር ምን እንደሚያስከትል ደግሞ አገራችን አይታዋለች። በ2006 መጀመሪያ ሳዑዲ ዓረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን ሠራተኞች ማስወጣት ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ብዙዎቹ የሠሩበትን ገንዘብ እንኳ ሳይዙ ነበር ቦሌ የደረሱት።

እናትሽ እንግዲህ ትክክል ናት፤ ነገር ግን ኤጀንሲ የሚለው ስም ብቻውን አያድንም። ኤጀንሲ ነኝ ባይ ሁሉ ኤጀንሲ አይደለም፤ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ ልጃገረድ የሚመዘግበው ሰው ደላላ ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 (በ2013 በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሽሏል) የሰጠሽን መብት እወቂ። የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የኢንሹራንስ ወጪ የአሠሪው ነው። አንቺ የምትከፍዪው ለፓስፖርት፣ ለሕክምና ምርመራና ለክትባት፣ ለልደት ምስክር ወረቀት፣ ከወንጀል ነፃ መሆንሽን ለሚያሳይ ማስረጃና ለሙያ ብቃት ማረጋገጫው፣ ለሲኦሲ ማለት ነው። ኤጀንሲ ከሠራተኛ የአገልግሎት ክፍያ መቀበል አይፈቀድለትም። አዋጁ ለኤጀንሲ ፈቃድ የጠየቀው የ100,000 ዶላር ዋስትናም የሠራተኛው መብት ሲጣስ መያዣ እንዲሆን ነው። ስለዚህ ኤጀንሲ ነኝ ብሎ የኮሚሽን ብር ከጠየቀሽ ሰው ራቂ። ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለውና ወደምትሄጂበት አገር ለመላክ እንደተፈቀደለት የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር መዋቅር በሆነው በአቅራቢያሽ ባለው ቢሮ ራስሽ ቀርበሽ አረጋግጪ።

ወንድምሽም በአንድ ነገር እውነት አለው። በኤጀንሲ ወደ ባሕረ ሰላጤው ለሚሄዱ ሴቶች በብዛት የሚገኘው ሥራ የቤት ሠራተኝነት ነው። ለሳዑዲ በተለምዶ የሚጠቀሰው ደመወዝ በወር 1,000 ሪያል ነው። በሁለት ዓመት 24,000 ሪያል ወይም 6,400 ዶላር ይሆናል ማለት ነው፤ ይህም ለራስሽ ምንም ሳታወጪ ነው። ሥራው ክቡር ነው፤ ነገር ግን የምትኖሪው አሠሪሽ ቤት ውስጥ ነው። መኖሪያ ፈቃድሽም ከአሠሪሽ ጋር የተሳሰረ ስለሚሆን ማዳሟ ብትከፋብሽ ቤት መቀየር ቀላል አይደለም። የሆቴል ዲፕሎማ ላላት ልጅ የመጀመሪያው ምርጫ ይህ መሆን አለበት ብዬ አላምንም።

ብቻሽን መሄድ ማለት ግን ሰውዬው የነገራችሁ ማለት ብቻ አይደለም። አዋጁ የቀጥታ ቅጥርን በጥቅሉ ቢከለክልም፣ ሥራ ፈላጊ በራሱ ጥረት ያገኘውን ሥራ የቤት ሠራተኝነት እስካልሆነ ድረስ በሚኒስቴሩ አስፈቅዶ መሄድ ይችላል። ለአንቺ የሚሻለው ይህ ይመስለኛል። ከሆቴልሽ የሥራ ልምድ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ አጽፊ፤ ሲኦሲ ውሰጂ፤ ለሥራ የሚሆን ዓረብኛ ጀምሪ። ዱባይና ዶሃ ያሉ ትልልቅ ሆቴሎች ክፍት የሥራ ቦታ በራሳቸው ድረ ገጽ ላይ ያወጣሉ፤ በቀጥታ ወደዚያ አመልክቺ። እውነተኛ ቀጣሪ በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ያደርግልሻል፤ ደመወዙን፣ የሥራ ሰዓቱን፣ የዕረፍት ቀኑን፣ መኖሪያውንና የመመለሻ ትኬቱን በጽሑፍ ይልክልሻል፤ ቪዛውን ራሱ ያወጣል። «ገንዘብ ላኪ» ካለሽ ንግግሩን እዚያው አቁሚ። ውሉ ሲመጣ ወደ ሚኒስቴሩ ይዘሽ ቅረቢና ይጽደቅልሽ። ጊዜ ይወስዳል፤ ቢሆንም የሴቻውን ሥራሽን ሳትለቂ የምትጠብቂው ነውና አይጎዳሽም።

ወንድምሽና እናትሽ የተከራከሩት «በኤጀንሲ ወይስ በግል?» ብለው ነው። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ እንድትጠይቂ እፈልጋለሁ፦ አንድ ነገር ቢበላሽ በሕግ የሚጠየቀው ማን ነው? ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ይጠየቃል፤ ውሉ የጸደቀለት ሆቴልም ይጠየቃል። የቴሌግራሙ ሰው ግን አድራሻ የለውም። የጋሞ ቤተሰቦች ደግሞ ተጠያቂ የማጣትን ዋጋ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ከጨንቻና ከዶርዜ ስንት ልጆች «ትማራላችሁ» እየተባሉ አዲስ አበባ ሄደው ሽሮ ሜዳና ጉለሌ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ሽመና ላይ ውለዋል። ወሳጁ ብዙ ጊዜ የሚታወቅ፣ የሚታመን ሰው ነበር። ነገር ግን በእጃቸው ወረቀት ስላልነበረ ተስፋው ሲታጠፍ ወላጆች የሚከሱት ሰው አላገኙም።

አሁን ስለ ማሣው ልንገርሽ። ዕዳ ይዛ የሄደች ልጅ «አይሆንም» የማለት አቅሟን አገር ቤት ጥላው ትሄዳለች። ደመወዟ ሲዘገይ፣ ዕረፍት ስትከለከል፣ እጅ ሲነሳባት እንኳ «ማሣው በሰው እጅ ነው» ብላ ትችላለች። ሕጋዊው መንገድ የሚጠይቅሽ ወጪ ከደመወዝሽ አጠራቅመሽ ልትሸፍኚው የምትችዪው ነው፤ ከዚያ ያለፈ የሚጠይቅ መንገድ ካለ መንገዱ ራሱ ትክክል አይደለም።

በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር አድርጊ። ወንድምሽ ከሰውዬው ጋር የተጻጻፈውን አይሰርዝ፤ ይዛችሁ ለፖሊስ አመልክቱ፤ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 መሠረት ሰውን በማታለል ወደ ውጭ መላክ ከባድ ወንጀል ነው። ፓስፖርትሽን ራስሽ አውጪ፤ ለማንም አታስይዢ፤ ቅጂውን ለእናትሽ ስጪ። በስምሽ የቁጠባ ሒሳብ ክፈቺና ከምትልኪው ስንቱ ለቤት፣ ስንቱ ለዶርዜው ማረፊያ እንደሚሆን ከአሁኑ ከቤተሰብ ጋር ተስማሚ። ይህን ሳይነጋገሩ ሄደው ሲመለሱ ከላኩት ገንዘብ ምንም ያላገኙ ልጆች ብዙ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ከእናትሽ ጋር ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። ባዶ እጅሽን ብትመለሺ ቤቱ ቤትሽ እንደሆነ፣ ጎረቤት ምንም ቢል እንደማታፍርብሽ አሁኑኑ በአንደበቷ ትንገርሽ። ብዙ ልጆች በክፉ ቤት ውስጥ የሚቆዩት በሩ ስለተዘጋባቸው ብቻ አይደለም፤ «ምን ይዛ መጣች?» መባልን ስለሚፈሩም ነው። ይህን ቃል ከእናቷ ሰምታ የሄደች ልጅ ነገሩ ሲከፋ «በቃኝ፣ ወደ አገሬ መልሱኝ» ለማለት አትፈራም።